በበረዶ ላይ ሲሽከረከሩ ራሳቸውን አያዞራቸውም ወይ?

ጥያቄ፦ «የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የክረምት ኦሊምፒክን የፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የመዝለልና የመሽከርከር) ውድድር በቴሌቪዥን ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷን የማግኘት ዕድል ቢገጥመኝ ስለ ሜዳሊያዋም ስለ ቀሚሷም አልጠይቃትም። ‹ያን ያህል ስትሽከረከሪ ራስሽን አያዞርሽም ወይ?› ነው የምላት። እኔ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የማልፈው ፌስታል ይዤ ነው። ጆሯቸው ከእኛ የተለየ ነው እንዴ?»

ምላሽ፦

ያዞራቸዋል። ጆሯቸውም ከአንቺ ጆሮ በምንም አይለይም።

እኔ ደሴ ውስጥ የምሠራ የአንገት በላይ ሐኪም ነኝ። በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ በቅርብ የማውቀው በረዶ በክረምት የቤቴን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ነገር ግን «ዞረብኝ»፣ «ምድር ከዳችኝ»፣ «ቤቱ ከነግድግዳው ተገለበጠብኝ» የሚሉ ሰዎች ዘወትር ፊቴ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጥያቄሽ ላይ ላዩን የስፖርት ቢመስልም ለእኔ የሥራዬ ጥያቄ ነው። ጋዜጠኞች ተወዳዳሪዎችን ከበረዶው እንደወጡ «ምን ተሰማሽ?» እያሉ ከሚያደርቋቸውም እጅግ ይሻላል።

ከጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ጠልቆ፣ አጥንት ውስጥ ተቀብረው፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ። እያንዳንዳቸው እንደ ቀለበት የታጠፉ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። አንዱ «አይሆንም» ብለን ራሳችንን ስንነቀንቅ ይነቃል። ሁለቱ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ትከሻም የምናደርገውን እንቅስቃሴ ተጋግዘው ይጠብቃሉ። በየቦዩ ውስጥ ፈሳሹን የሚዘጋ፣ እንደ ዝልግልግ ሙጫ ያለ ትንሽ መጋረጃ አለ። ፈሳሹ መጋረጃውን ወደ አንድ ወገን ሲገፋው ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይታጠፋሉ፤ «ዞርን» የሚለው ወሬ ወደ አንጎል የሚሄደው ከእነርሱ ነው።

ማታ ሻይ ስትጠጪ አንድ ነገር ሞክሪ። በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ላይ አንድ የሻይ ቅጠል ጣይና ብርጭቆውን በድንገት አዙሪው። ብርጭቆው ይዞራል፤ ቅጠሏ ግን ባለችበት ትቀራለች። ማዞርሽን ብትቀጥዪ ውሃው ቀስ በቀስ ብርጭቆውን ይከተልና ቅጠሏም አብራ መዞር ትጀምራለች። አሁን ብርጭቆውን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ ቅጠሏ መዞሯን ትቀጥላለች። ጆሯችን ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። መዞር ስንጀምር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀርና መጋረጃው ይገፋል። ሳናቋርጥ በአንድ ፍጥነት ከዞርን ከሃያ ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈሳሹ ከቦዩ ጋር እኩል ይሄዳል፤ መጋረጃው ቀና ይላል፤ ጆሯችንም «ቆመናል» ብሎ ይዋሻል። በእርግጥ ስንቆም ደግሞ ፈሳሹ ይቀጥልና መጋረጃውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የቆምነው ሰዎች ወደ ሌላ ወገን እየዞርን ይመስለናል። ዓይናችንም ይህን ውሸት አምኖ ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ፣ በድንገት እየተወረወረ ይመለሳል። እኛ ኒስታግመስ እንለዋለን።

ይህንን በመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ተማሪ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ራሴን ሠላሳ ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አስደፍተው፣ በሃያ ሰከንድ አሥር ጊዜ አዞሩኝ። ወንበሩን አቁመው «ተነሥተህ ሂድ» ሲሉኝ የሄድኩት ወደ በሩ ነበር፤ የደረስኩት ግን መስኮቱ ላይ ነው፣ ያውም የአንዱን ጓደኛዬን ጋዋን ቀድጄ። ዘዴው የሮበርት ባራኒ ነው። እኚህ የቪየና ሐኪም የሕሙማንን ጆሮ በውሃ ሲያጥቡ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰዎቹን እንደሚያዞራቸው፣ ሲሞቅም እንደሚያዞራቸው፣ የዓይናቸው መወርወር ግን አቅጣጫውን እንደሚቀይር አስተዋሉ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ነርሷን ተቆጥቶ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ግን ምክንያቱን ተከታትለው እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ዜናውን የሰሙት በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሆነው ነው። እግረ መንገዴን፦ ጆሮሽን በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቢ።

ወደ በረዶው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳዊቷ ኦሊቪያ ኦሊቨር ዋርሶ ውስጥ በደቂቃ 342 ዙር በሆነ ፍጥነት ተሽከርክራ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍራለች። በሰከንድ ከአምስት ዙር ተኩል በላይ ማለት ነው። እኔን መስኮት ላይ የጣለኝ ወንበር በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ነበር። ውድድር ላይ የምታያቸው በአብዛኛው ይህን ያህል አይፈጥኑም፤ ቢሆንም ከእኔ ወንበር ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ጥጥ የሚፈትሉ እናት አጠገብ ተቀምጠሽ እይ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽተው ሲለቁት፣ ክር ያልተጠቀለለበት ከሆነ እንደ ንብ እየጮኸ ይሽከረከራል። ክሩ ተጠቅልሎበት ሲወፍር ግን በዚያው በአንድ እጅ ጉልበት ዝግ ይላል፤ ክብደቱ ከመሐሉ ርቋልና። ተንሸራታቿ እጆቿንና አንድ እግሯን ዘርግታ ስትጀምር እንደ ሞላ እንዝርት ናት። እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ እግሯን ስታጣብቅ ባዶ እንዝርት ትሆናለች። ማንም አልገፋትም፣ ፍጥነቷ ግን እጥፍ ድርብ ይሆናል። የምትሽከረከረውም በጫማዋ ብረት ላይ ነው፤ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በረዶውን የሚነካው ደግሞ ከብረቱ ፊተኛ ጥርስ ኋላ ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ብርጭቆውን አስታውሺ። ተመልካቹ የሚደነግጠው መሐል ላይ፣ ፊቷ እንደ ጭጋግ ሲጠፋ ነው። ጆሮዋ ግን በዚያ ሰዓት እየተረጋጋ ነው። የሚከብዳት መጀመሪያውና መጨረሻው ነው፤ ከሁሉም መጨረሻው። ሽክርክሪቱ በቆመበት ቅጽበት ፈሳሹ ወደ ሌላ ወገን ይጎትታታል፤ እርሷ ግን ፈገግ ብላ በአንድ እግር ወደ ቀጣዩ እርምጃ መውጣት አለባት።

ዝላዩስ? አሜሪካዊው ተንሸራታች ኢሊያ ማሊኒን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ሌክ ፕላሲድ ላይ በአንድ ዝላይ አራት ዙር ተኩል ዞሮ በእግሩ ያረፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያለቀ ነው። ያዞረዋል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ የዝላይ ዙር ግን ለጆሮ ቀላል ነው። ተጀምሮ ወዲያው ስለሚያልቅ ፈሳሹ ቦዩን ለመከተል ጊዜ አያገኝም፤ ሲነሣ የተገፋው መጋረጃ ሲያርፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዝላይ የሚጎዳው ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ነው። እርሱን ለአጥንት ሐኪሞች እተዋለሁ።

የእኔን ሙያ የሚያስጨንቅ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የ1981 የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ስዊዘርላንዳዊቷ ዴኒዝ ቢልማን ስሟን የሰጠችው ሽክርክሪት አለ፤ አንድ እግርን ከኋላ ወደ ላይ ስቦ ከራስ በላይ በእጅ ይዞ መሽከርከር ነው። ወደኋላ ተለጥጠው ጣሪያውን እያዩ የሚሽከረከሩትንም አይተሽ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ተንሸራታቿ እየዞረች ሳለ የራሷን አቀማመጥ ትቀይራለች። ያን ጊዜ ሲዞር የነበረው ቦይ ከዙሩ ይወጣል፣ ያልዞረው ይገባል። አንዱ «ቆምን» ሲል ሌላው «ጀመርን» ይላል፤ አንጎልም በሁለት አቅጣጫ የወደቀ ያህል ይደናገጣል። ከራስ ማዞር ዓይነቶች ይህን የሚያህል የሚያቅለሸልሽ የለም። አንቺም ታውቂዋለሽ። ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ በጠመዝማዛው ሲታጠፍ የወደቀ ስልክሽን ለማንሣት ጎንበስ ያልሽ ዕለት የቢልማንን ሽክርክሪት ያለ በረዶ ሠርተሻል።

እንግዲህ እንዴት ይችሉታል? ብዙ ሰው እንደ ባሌት ዳንሰኞች የሚያደርጉ ይመስለዋል። የባሌት ዳንሰኛ ስትዞር ዓይኗን አንድ ቦታ ላይ ተክላ ሰውነቷ ሲዞር ራሷን ታቆያለች፤ ከዚያ በአንድ ውርወራ ራሷን አዙራ ያንኑ ቦታ ትይዛለች። በሰከንድ አራት አምስት ዙር ሲኮን ግን አንገት ለዚህ አይበቃም፤ ተንሸራታች ራሷን ከሰውነቷ ጋር አንድ አድርጋ ነው የምትዞረው። ዓይኗም ምንም አይዝም፤ ዓለም በሙሉ መስመር ሆኖባታል። ዓይን የሚጠቅማት ስትቆም ነው። በቆመችበት ቅጽበት የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የሜዳውን አጥር ወይም ከአጥሩ በላይ ያለ ጽሑፍ፣ ትይዝና የዓይኗን መወርወር ታፍነዋለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተንሸራታቾች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል፤ የሚያዩት ሲኖራቸው ጸንተው የሚቆሙት ሰዎች ዓይናቸው የሚይዘው ነገር ሲያጣ እንደ ማንኛችንም ይንገዳገዳሉ። «ያዞራቸዋል» ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ጆሯቸው አልደነዘዘም። ወሬውን ማድረሱን ይቀጥላል፤ አንጎላቸው ነው ወሬኛውን የናቀው።

ንቀቱ የሚማሩት ነው። ሕፃን ልጅ በረዶ ላይ ወጥታ መጀመሪያ የምትማረው በሁለት እግር ሁለት ሦስት ዙር ነው። ትወድቃለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ በማግሥቱ ትመለሳለች። ከራስ ቅላችን ኋላ በታች በኩል ያለው ትንሹ አንጎል የተጠበቀውን እንቅስቃሴ ከደረሰው ወሬ ጋር ያመሳክራል። ያው መልእክት አንድ ሺህ ጊዜ መጥቶ አንድ ሺህ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ድምፁን ይቀንስበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች 29 የባሌት ዳንሰኞችን ከ20 ቀዛፊዎች ጋር አወዳድረው፣ ዳንሰኞቹ ከጆሮ የሚመጣውን ወሬ በሚቀበለው የትንሹ አንጎል ክፍል አነስ ያለ መጠን እንዳላቸው አገኙ። ልምምዱ አንጎል ላይ አሻራውን ትቷል ማለት ነው። ባሌት እንጂ በረዶ እንዳልነበረ አልዘነጋሁም፤ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ተፈጥሮ ነው፣ ፈረንጅ በረዶ ውስጥ ስላደገ ነው» የሚለው አነጋገር ለዚህ አይዋጥልኝም። እዚሁ ደሴ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡ፤ የአንዱ ጆሮ የሚዛን ነርቭ ታሞ በድንገት ራሳቸውን አዙሯቸው ነበር። ቤተሰብ ደም ማነስ ነው ብሎ ቀይ ሥር ሲያበላቸው፣ ከአልጋ እንዳይነሡ ሲጠብቃቸው ሰንብቷል። ሕመሙ ራሱ ካለፈ ቆይቷል፤ ማዞሩ ግን አልተዋቸውም፣ ምክንያቱም አንጎላቸው የቀረውን ጆሮ ብቻ አምኖ መሥራትን የሚማርበት ዕድል አልሰጡትም። በተለይ የፈሩት እንዝርታቸውን ነበር። ሲሽከረከር ሲያዩት ቤቱ አብሮ ይዞርባቸዋል።

ያዘዝኩላቸው እንዝርቱን ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ መፍተል። ልጆቻቸው እንደ ጨካኝ አዩኝ። ይህን ዓይነት ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች ለሚያዞራቸው ሕሙማን ያበጁት ነው፤ ዋናው ነገር የሚያዞርሽን እንቅስቃሴ መሸሽ ሳይሆን በመጠኑ ደጋግሞ መጋፈጥ ነው። እናታችን ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ አንድ ልቃቂት አምጥተውልኛል። ኦሊምፒክ የምታያት ልጅ እና እኚህ እናት የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ አንዷ ከጤና ተነሥታ፣ አንዷ ከሕመም።

ይህን ስል ሁሉም ነገር በልምምድ ያልፋል እያልኩ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊቷ ሉሲንዳ ሩህ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ እግር ሳታቋርጥ 115 ዙር ዞራለች። በረዶ ላይ ከታዩት ሁሉ በሽክርክሪት የሚወዳደራት ማግኘት ይከብዳል። በኋላ ግን ለዓመታት ያሠቃያት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመሽከርከሩ የመጣ፣ አንጎልን በጥቂት በጥቂቱ የሚያናውጥ ጉዳት መሆኑን ሐኪሞች እንደነገሯት ራሷ ተናግራለች። ጆሮ የሚያመጣውን ወሬ መናቅ ይቻላል፤ አንጎል ራሱ ሲጎዳ የሚላከውን ወሬ መናቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አሠልጣኞች ይህን ልዩነት ለልጆቹ የሚያስረዱ ይመስልሻል? እኔ እጠራጠራለሁ።

ወደ ፌስታልሽ እንምጣ። አብሽሪ፣ ጆሮሽ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ሥራውን አጥብቆ ስለሚሠራ ነው የሚያስመልስሽ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም በጠመዝማዛ። (ስትወርጂ ጆሮሽን የሚደፍንሽ የአየር ግፊት ነው፤ ከማዞሩ ጋር አይገናኝም፤ ምራቅ ብትውጪ ይከፈታል።) ሾፌሩ ያንኑ ኩርባ ይታጠፋል፣ አይዞርበትም፤ መሪውን ከማዞሩ በፊት አንጎሉ መታጠፉን ያውቃልና ከጆሮ የሚመጣው ወሬ አዲስ አይሆንበትም። ተንሸራታቿም በዚህ በኩል ሾፌር ናት፣ ዙሩን የጀመረችው ራሷ ነች። አንቺ ግን ከኋላ ወንበር ስልክሽን እያየሽ ነው። ዓይንሽ «ቆመናል» ይላል፣ ጆሮሽ «ታጠፍን» ይላል፣ ሆድሽ በመካከል ይቀጣል።

ስለዚህ ከፊት ተቀመጪ፤ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፤ መንገዱን ራቅ አድርገሽ፣ የሚመጣውን ኩርባ ቀድመሽ እዪው። ሾፌሩ ሲታጠፍ አንቺም በልብሽ ታጠፊ። ሎሚ ማሽተቱን አልከለክልሽም፤ ደስ ካለሽ አሽቺው። የጉዞ ክኒኑ ግን በየሳምንቱ ለምትመላለሺበት መንገድ አይመከርም፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አንጎልሽም መልመድ ያለበትን እንዳይለምድ ያደርገዋል። ማዞሩ መኪና ሳትሳፈሪ ከመጣ፣ ወይም አንድ ጆሮ መስማት ካቆመ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ካሳየሽ፣ አፍሽን ከያዘሽ ወይም እጅሽን ካደከመሽ ያ ሌላ ነውና ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ተወዳዳሪዋን ያገኘሻት እንደሆነ ግን የእኔንም አንድ ጥያቄ አድርሺልኝ። አብዛኞቹ ተንሸራታቾች የሚሽከረከሩት ወደ ግራ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንጎላቸው የናቀው የዚያን ወገን ወሬ ነው። የውድድሩ ሕግ ደግሞ በአንዳንድ አቋቋም ወደ ሁለቱም ወገን አከታትላ ለምትሽከረከር ይህን እንደ ከባድ ነገር ይቆጥርላታል። ወደ ቀኝ ዞራ ስትቆም ምን ይሰማታል? እንደ ሻምፒዮን ትቆማለች ወይስ እንደ እኔ መስኮቱን ትፈልጋለች? መልሷን ጻፊልኝ።